ስፒሎቹ እስኪያልቁ

ጥቅምት 12

አክስቴ፣

አዘጋጁ የልብስ መለኪያ ሜትርሽን ከአንገቴ ላይ አውልቆ አብሮኝ በሚተውነው በድምቀቱ አንገት ላይ ያጠለቀው ሜካፔን ጨርሼ፣ ስፒሎቹን ከንፈሬ መሃል ደርድሬ፣ ወደ መድረኩ ልወጣ አንድ እግሬን ሳነሳ ነበር። አፌ ሙሉ ስለነበር ምንም አላልኩም። ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «አንቺ ዛሬ ትሪውን ትይዣለሽ፤ እሱ ይሞክራት» አለኝ። ይሞክራት! እንደ ጫማ።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ጆሮሽስ? በምትሰፊበት ሱቅስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

እሑድ ቴሌቪዥን ከፍተሽ ብትጠብቂኝ ብትጠብቂኝ ለምን እንዳልወጣሁ ጠይቀሽኛል። ወጥቻለሁ እኮ። ትሪ ይዛ ገብታ፣ ትሪውን አስቀምጣ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ የወጣችው ልጅ እኔ ነበርኩ። ካሜራው ያሳየው ጀርባዬን ስለሆነ አላወቅሽኝም። እኔ የምጫወታትን እትዬ ስፒልን የሆነው ደግሞ ድምቀቱ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የጭውውት ቡድናችን ዋና ተዋናይ እሱ ስለሆነና ሲገባ ሁልጊዜ ስለሚጨበጨብለት አዘጋጁ የሰጠው ስም ነው። ቀሚስ አልብሰው፣ ደረቱ ላይ ሁለት ትራስ ወትፈው፣ ሊፕስቲኩን እስከ ጉንጩ ቀብተው አወጡት። ተሳቀ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰው በጣም ሳቀ።

ከቀረጻው በኋላ ምክንያቱን ጠየቅሁ። አዘጋጁ ሻዩን እያማሰለ «ሴት ስትቀልድ ሰው ይሳቀቃል፤ ወንድ ሴት ሆኖ ሲመጣ ግን ይስቃል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለኝ።

«ጋሼ፣ እስካሁን በእኔ ሲስቅ የነበረውስ ሰው አልነበረም?»

«ነበር። አሁን ግን ብዙ ሰው ነው።»

ትዝ ይልሻል፣ እትዬ ስፒልን ስፈጥራት ከማንም በፊት የጻፍኩት ለአንቺ ነው። «ስፒል በአፍሽ ይዘሽ ደንበኛ በቅንድብ የምታዢውን ነገር መድረክ ላይ ባወጣው ትቀየሚኛለሽ?» ብልሽ፣ «አውጪው፤ ብቻ ወገቤን እንዳታወፍሪው» ብለሽ መለስሽልኝ። ያንን ጫፉ የተቆረጠ የድሮ ሜትርሽንም ከደብዳቤው ጋር ጠቅልለሽ ላክሽልኝ። እኔ አንቺን አስፈቅጄ ነው። እሱ ማንን አስፈቀደ?

ለእማዬ እንዳትነግሪያት አደራ። «ሕግ ተምሮ ቀልድ!» የሚለው ንግግሯ እኔ ስመረቅ ተጀምሮ ገና አላለቀም። ትሪ ተሸካሚ መሆኔን ከሰማች ሳልነቃ ጠበቃ ቢሮ ታስቀጥረኛለች።

ቁንጥንጥሽ


ጥቅምት 27

ለእኔ ቁንጥንጥ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። መነጽሬን ቀይሬ ደግሜ አነበብኩት። ንዴትሽ በሁለቱም መነጽር ያው ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ካላየ አያማርርም። ጆሮዬ ደግሞ ቀኙ ሥራ ላይ ነው፣ ግራው ጡረታ ወጥቷል። ስልክ እንዳትደውዪ። ባለፈው ስትደውዪልኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶሽ ያልሰማሁሽ እኔ ብቻ ነኝ። ደብዳቤ ይሻለናል፤ ደብዳቤ ድገሚልኝ ቢሉት አይሰለችም።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። አብረን ነበር የምናየው። «ይቺ ትሪ ያዥ አረማመዷ የኛን ልጅ አይመስልም?» አለችኝ። «ኧረ አይመስልም፤ የኛዋ መቼ እንዲህ ቀስ ብላ ታውቃለች» አልኳት። ዝም አለች። አምናኝ ግን አይመስለኝም።

ሰውየውን አየሁት። ሳቂ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ፣ አልሳቅሁም ብዬ አልዋሽሽም። ሲገባ ሳቅሁ። አንደኛው ትራስ ወደ ሆዱ ሲንሸራተት ደግሞ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደምጠብቅ ጠፋኝ። አንቺ ስትሆኚ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። ደግሞስ ስፒሉ የት ሄደ? አንድም አላየሁበት። ከንፈሩን እንደ ዓሣ አሞጥሙጦ ያወራል! ስፒል በአፉ የያዘ ሰው እንዲህ ቢያወራ ራት ሳይበላ ይጠግባል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ነቅንቀውሻል። ምን ላድርግ ብትዪኝ ግን፣ እኔ ራሴ ስነቀነቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከእኔ ይህን ምክር አትጠብቂ።

ሜትሬን ግን አስመልሺልኝ። እምቢ ካሉሽም ማንም ጨርቅ እንዳይቆርጥበት ንገሪያቸው። የመጀመሪያው አሥር ሳንቲሜትር እንደሌለው ታውቂያለሽ፣ በወጣትነቴ ቸኩዬ ከጨርቅ ጋር የቆረጥኩት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን በለካሁ ቁጥር አሥር እየቀነስኩ ኖሬያለሁ፣ እጄ ለምዶታል። ሌላ ሰው ከለካበት ግን የሰው ልጅ ሁሉ ወፍሮ ይታየዋል።

ስለ ሱቁ ለጠየቅሽኝ፣ ሱቁ ደህና ነው።

አክስትሽ


ኅዳር 15

ውድ አክስቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? «ሱቁ ደህና ነው» ብለሽኛል። እኔ የጠየቅሁት ስለ አንቺ ነበር። ይሁን፣ ያዝኩልሽ።

ስለ ሜትሩ አዘጋጁን ብጠይቀው «አሁን የእሷ ዕቃ ነው» አለኝ። እሷ ማለት ድምቀቱ ነው እንግዲህ። ጨርቅ እንዳይለካበት አልባሳት ክፍል ላለችው ልጅ ነግሬያታለሁ። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ዘፈን ትሰማ ነበር፤ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ለእኔ ይሁን ለዘፈኑ አላውቅም።

ከደብዳቤው ቀጥለሽ በላክሽልኝ ፖስት ካርድ ጀርባ ላይ «አንቺ ስትሆኚ የምጠብቀው ነገር ምን ነበር? ልቤ ያውቀዋል፣ አፌ ግን አይለውም» ብለሻል። እነሆ።

የእኔዋ እትዬ ስፒል አታወራም። የሚያወራው ደንበኛው ነው። ትልቅ ሰው ሙሉ ልብስ ሊለካ ይመጣና ስለ ራሱ ይናገራል፤ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ልፋቱ፣ ሰው እንዴት እንደሚወደው። በዋሸ ቁጥር ከከንፈሬ አንድ ስፒል አውጥቼ እሰካለሁ። ጨርቁ ላይ፣ አንዳንዴም ጨርቁን አልፎ። ተመልካቹ አፌን ያያል፤ ስፒሎቹ እያነሱ ሲሄዱ ያያል። ሲያልቁ አፌ ነጻ እንደሚሆን ያውቃል። ሳቁ ያለው እዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ እናገራለሁ። መብራት ይጠፋል። ሰው በየሳምንቱ የሚመጣው ያችን ዓረፍተ ነገር ሊሰማ ነበር። ድምቀቱ ግን ከበሩ ጀምሮ ስለሚያወራ የሚጠበቅ ነገር አላስቀረም።

ይህን እነሱም ሳይገባቸው አልቀረም። ሳቁ በሦስተኛው ሳምንት ቀነሰ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ፣ ያ መስታወቱ የተሰነጠቀው አዳራሽ ውስጥ፣ አዘጋጁ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ አሳዪው።»

«ምኑን ላሳየው ጋሼ?»

«ያቺን… ዝም የምትዪዋን ነገር።»

«ዝም ማለትን?»

«አዎ፣ እሷን።»

«ጋሼ፣ እሷንማ ይኸው አንድ ወር ሙሉ ትሪ ይዤ እያሳየሁት ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ቀድሞ የሳቀው ራሱ ድምቀቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ኋላ ደረጃው ላይ አገኘኝና «እህቴ፣ አትከፊ። አንቺ እኮ ጭንቅላት አለሽ፣ ነገ ሌላ ትፈጥሪያለሽ» አለኝ። «ጭንቅላቱ የኔ ከሆነ ቀሚሱ ለምን ያንተ ሆነ?» ብለው ወለሉን ማየት ጀመረ።

«ሕግ ተምረሽ የለም እንዴ፣ ክሰሻቸዋ!» የምትለኝ ሜካፕ የምትቀባን ልጅ ናት። ዱቄት ነው የምንላት፤ ፊታችን ላይ የማትነሰንሰው ዱቄት የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀት የለኝም፣ ሞኝነቱ ብቻ ነው ያለኝ። ጭውውቶቹን በአፍ እየተነጋገርን ነው የሠራናቸው። እትዬ ስፒል የተቀመጠችው ትከሻዬ ላይ፣ ከንፈሬ ላይ፣ ዓይኔ ላይ ነው። የቱን አካሌን ነው ለዳኛ የማቀርበው?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ስፒል የሚሰኩት ክንዳቸው ላይ በሚያስሩት ትንሽ ትራስ ላይ ነው። አንቺ በአፍ መያዝን ከማን ተማርሽ?

ቁንጥንጥሽ


ታኅሣሥ 3

የኔ ልጅ፣

ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የጠየቅሽኝን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ዛሬ የፈለገው ይምጣ ብዬ ተቀምጫለሁ።

የስፒል ትራስ ነበረኝ። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሥራ ስጀምር ያንቺ ዕድሜ እንኳ አልነበረኝም። የመለኪያ ክፍል ጠባብ ነው። መጋረጃው ይዘጋል፣ አንቺ ተንበርክከሽ የሱሪ ጫፍ ታጥፊያለሽ፣ ሰውየው ከላይ ሆኖ ያወራል። ወንዱ የሚለውን አልጽፍልሽም። ሴቷም ቢሆን ሆዷን አይታ ስትናደድ የምትሰድበው ሜትሩን አይደለም፣ እኔን ነው። እመልስ ነበር። ምላሴን ከማን የወረስሽው ይመስልሻል? ባለሱቁ ጠርቶ «ደንበኛ የሚመጣው ሊለካ እንጂ ሊመከር አይደለም፤ ሁለተኛ ከመለስሽ በሩ ያ ነው» አለኝ። በዚያው ሰሞን አባታችን ታሞ ነበር፤ እናትሽም ተማሪ ስለነበረች ቤት የሚገባው ደመወዝ የኔ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት እጄ ተይዞ ስፒሎቹን ለአንዳፍታ ከንፈሬ ላይ ያዝኳቸው። አንዱ የማይባል ነገር አለኝ። አልመለስኩም፣ አልችልማ። የሚገርምሽ እሱም መልስ አልጠበቀም። አፏ ሥራ ይዟል ብሎ ተወኝ። ከዚያ ወዲያ ትራሱን መሳቢያ ከተትኩት።

አንቺ ትንሽ ሆነሽ ከጠረጴዛዬ ሥር ቁልፍ እየለቀምሽ ያየሽው ይህን ነው። በቅንድቤ ደንበኛ ሳዝ ትስቂ ነበር፤ ስትስቂ ደስ ይለኝ ስለነበር ይበልጥ አነሳውና እጥለው ነበር። ስለዚህ አትዘኚ። አስቂኝ ነው ብለሽ የወሰድሽው አስቂኝ ስለነበር ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ልዩነቱ ግን የኔ ስፒል አልቆ አያውቅም ነበር። ሊያልቅ ሲል ሌላ እጎርሳለሁ። ያንቺዋ ናት የሚያልቅባት። መጀመሪያ በቴሌቪዥን ባየሁሽ ቀን፣ ያ ባለከረባት ሰውዬ «እኔ የሰው ሐቅ ነክቼ አላውቅም» ሲል የመጨረሻዋን ሰክተሽ አፍሽን ስትከፍቺ፣ እናትሽ «ምን ሆንሽ፣ ተቀመጪ እንጂ!» አለችኝ። ለካ ቆሜያለሁ።

«አያውቅም ነበር» ብዬ ስለጻፍኩት አትጠይቂኝ። በሌላ ደብዳቤ እነግርሻለሁ። ደህና ነኝ፣ ያመመኝ ነገር የለም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 26

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ስለ እሱ አሁን ብጽፍ አልቅሼ ወረቀቱን አበላሸዋለሁና በአካል እስክንገናኝ ይቆየኝ።

በጎረቤትሽ ልጅ ቴሌግራም ያስላክሽው መልእክት ከልጁ ሰላምታ ቀድሞ ደርሶኛል፤ «መብራቱ ሲጠፋብሽ ምን ልትዪ ነበር?» ብቻ ይላል። ስለዚህ ዝግጅታችን ሳይቀረጽ በቀጥታ የተላለፈበትን ምሽት አይታችሁታል። እኔ ካለሁበት ምን እንደሚመስል ደግሞ ስሚ።

ለቀጥታ ስርጭቱ ለድምቀቱ አዲስ የሐር ቀሚስ ተሰፋለት። የአልባሳት ክፍሏ ልጅ ልትለካው ስትመጣ የራሷን ሜትር ረስታ መጣች፤ አንገቱ ላይ አንድ ተንጠልጥሎ አገኘች። ገባሽ? በአንቺ ሜትር ለካችው! ደረቱ አሥር፣ ወገቡ አሥር፣ ትከሻው አሥር፣ እጅጌው አሥር፣ ርዝመቱ አሥር ጨምሮ ተሰፋ። ቀሚሱ የደረሰው ሊገባ ሲል ስለነበር ለመሞከር ጊዜ አልነበረም። መድረክ ላይ ሦስተኛ እርምጃውን ሲራመድ ጫፉን ረገጠው፤ ቀሚሱ ከነትራሱ ከትከሻው ወርዶ ጉልበቱ ላይ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በውስጥ ካናቴራ ቀረ።

እኔ ትሪዬን ይዤ አጠገቡ ነበርኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ግን ዞሮ አየኝ፣ አክስቴ፤ «ምን ላድርግ?» ይላል ዓይኑ፣ የሚለው ሁሉ ጠፍቶበት። ተዋናይ ተዋናይን እንዲህ ሆኖ ሲያየው አይጥልም። በትሪው ከፊት ከለልኩት። ስፒል መቼም ከኮሌታዬ ተለይቶኝ አያውቅም፤ አወጣሁና ጎረስኩ። ቀሚሱን ከወለሉ ሰብስቤ እላዩ ላይ መሰካት ጀመርኩ። እሱም ነፍሱ መለስ ስትልለት፣ ሞያ ነውና፣ መዋሸት ጀመረ፤ «ይህ ቀሚስ በልኬ የተሰፋ ነው!» አለ። ሰካሁበት። «እኔ መቼም ወድቄ አላውቅም!» ሰካሁበት። ሳቁ ከኋላ ወንበሮች እየተንከባለለ መጣ። ያወቁኝ ሰዎች «እሷ ናት! እሷ ናት!» ሲሉ ሰማሁ። አፌን እያዩ ነበር። የመጨረሻዋን ሰካሁ። አፌን ከፈትኩ።

አዘጋጁ መብራት አስጠፋ።

ምን ልል እንደነበር አላውቅም። እውነቴን ነው። ጨለማው ውስጥ ቆሜ የሚጮኸውን ሰው እየሰማሁ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

በማግስቱ ጋዜጣው «ድምቀቱ በፈጠራ አወዳደቁ አዳራሹን አናወጠው» ብሎ ጻፈ። አዘጋጁም «በቃ ቀሚሱ እንዳለ ይቆይ፣ በየሳምንቱ ይወድቃል፤ አንቺም ትሰኪለታለሽ፣ መብራቱ እዚያው ላይ ይጠፋል» አለኝ። ለእኔ ውለታ የዋለልኝ ነበር የመሰለው።

«አፌን ስከፍት ለምን አስጠፋህ?» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«ምን እንደምትዪ አላውቅማ።»

«ተመልካቹም አያውቅም ነበር። ሊሰማ ነበር የመጣው።»

ሄድኩና ሜትርሽን ከድምቀቱ አንገት አወለቅሁት። አልከለከለኝም፤ እንዲያውም ቁመቱ ስለሚበልጠኝ ጎንበስ አለልኝ። ከዚያ ኮቴን ይዤ ወጣሁ። ዱቄት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከኋላዬ ስትሮጥ ደረሰችብኝ። «ብቻሽን የት አባሽ ልትሄጂ ነው? ፊትሽን ማን ሊቀባልሽ?» አለችኝ።

ለእማዬ አሁንም እንዳትነግሪያት። ሥራ ፈትቻለሁ።

ቁንጥንጥሽ


ጥር 14

ለቁንጥንጤ፣

ለእናትሽ መንገር አላስፈለገም። መብራቱ ሲጠፋብሽ አጠገቤ ነበረች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በቴሌቪዥኑ ላይ ስታነሳ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። «ልጄ ልትናገር ስትል! አሁን እኮ ልትናገር ነበር!» እያለች እስክትተኛ አላባራችም። ትሪ ያዥዋም አንቺ እንደነበርሽ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለች፤ «አረማመዷን እኔ አላውቅም? እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኳት» አለችኝ። እንዳታሳፍረኝ ብላ ነው ዝም ያለችው። ቤታችን ውስጥ ስንት ሰው ነው ስፒል የጎረሰ!

የኔን ወሬ ደግሞ ልንገርሽ። «ሱቁ ደህና ነው» ብዬሽ ነበር። አሁንም ደህና ነው፤ እኔ ነኝ የሌለሁበት። «እያሳየሁት ነው» ያልሽበትን የኅዳሩን ደብዳቤሽን ጠዋት አንብቤ፣ እየሳቅሁ ሥራ ገባሁ። ከሰዓት አንዲት ሙሽራ ከነእናቷ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ሦስት ሳምንት ዓይኔን ያፈሰስኩበት ቀሚስ ነው። ባለሱቁ እንደ ልማዱ መጣና እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ «እያንዳንዱን ስፌት በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት» አለ። ዘመኔን ሙሉ ሲል ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ ተናገርኩ።

ምን እንዳልኩት አልጽፍልሽም። ስትስቂ ማየት እፈልጋለሁ።

ለጊዜው ከፋኝ፣ አልደብቅሽም። ለዚህ ነው የደበቅሁሽ፤ ባለሱቁ ያባረረኝ በአንቺ ደብዳቤ ምክንያት እንዳይመስልሽ ብዬ። አሁን ግን የስፌት መኪናዬ የኔው መስኮት ሥር ነው፤ ብርሃኑ ከሱቁ ይሻላል። ሙሽሪት እህቷን ላከችልኝ። እህቷ ደግሞ አማቷን። ወረፋ አለኝ ብልሽ ታምኛለሽ? የስፒሉን ትራስም ከመሳቢያ አወጣሁት፤ ክንዴ ላይ ሳስረው እንደ ሰዓት አማረኝ።

ለራስሽ ትርኢት አዳራሽ አገኘሁ ብለሽ በቴሌግራም የላክሽውን ሰማን። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ክፍል! እናትሽ «ቢያንስ መኪና መንዳት ትማራለች» ብላለች። ሁለታችንም እንመጣለን። ለእኔ ከፊት ያዢልኝ፣ በግራ በኩል፤ ቀኝ ጆሮዬ ወደ መድረኩ እንዲሆን።

አክስትሽ


የካቲት 20

አክስቴ ዓለሜ፣

በደህና ገባችሁ? አውቶቡሱ ጉልበትሽን አላሳመመውም? እናንተን ከሸኘሁ ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆኖብኛል፤ ዱቄት እንኳ «የእናትሽን ቁጣ ለምጄው ነበር» ትላለች።

ከፊት ስለተቀመጥሽ ከኋላሽ የሆነውን አላየሽም፤ ልንገርሽ። ወንበሩ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጧል፣ ግድግዳው ላይ ካሉት የመንገድ ምልክቶች ሥር ቆሟል። ደንበኛውን የሆነው የማሠልጠኛው ባለቤት መሆኑን ሲያውቁ መጀመሪያ የሳቁት ተማሪዎቹ ናቸው። «እኔ ተማሪ ላይ ጮኬ አላውቅም» ሲል ደግሞ ስፒሉን ሳልሰካው ክፍሉ ጮኸ። አፌ ላይ አንድ ስትቀር፣ «ቁም» ከሚለው ሥዕል ሥር የቆሙት አንዲት አዛውንት እንደ አንቺ አንገታቸውን አስግገው በጣታቸው «አንድ! አንድ ቀራት!» ይሉ ነበር።

ደንበኛው ደረቱን ነፍቶ «ይህን ልብስ በገዛ እጄ ነው የሰፋሁት» አለ። የመጨረሻዋን ሰካሁ። ከዚያ ጠዋት በር ላይ ቆመሽ የነገርሽኝን፣ አስፈቅጄሽ የወሰድኩትን፣ ለባለሱቁ ያልሽውን ተናገርኩ፤

«እንግዲያው ጌታዬ፣ እጅጌውን ይፍቱትና መልሰው ይስፉት፤ እኔ ቁጭ ብዬ ልይ።»

መብራቱን የያዘችው ዱቄት ናት። ቶሎ እንዳታጠፋው ነግሬያት ነበር። አላጠፋችውም። ሳቁ አልቆ፣ ጭብጨባው አልቆ፣ እማዬ አፍንጫዋን ጠርጋ እስክትጨርስ በብርሃን ቆምኩ።

«ያ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ የደፋው ሰውዬ ማን ነበር?» ብለሻል። አዘጋጁ ነው። እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ወንበር ስንደራርብ መጣ። ወንበር አላነሳልንም፣ ግን ኮፍያውን አወለቀ። «ተመለሺ» አለኝ። ድምቀቱ ላይ የሚስቅ ሰው እየሳሳ ነው አሉ። እኔ ጭውውቱን ልጽፍ፣ ልምምዱን ልመራ፣ እትዬ ስፒልን ግን እሱ እንዲቀጥል፤ ስሜም ለጊዜው እንዳይነሳ፣ ተመልካች ግራ እንዳይጋባ። ወንበር መደራረቤን ስቀጥል ጨመረ፤ «እሺ፣ አንድ ሳምንት አንቺ፣ አንድ ሳምንት እሱ።» የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ለዚህ ቀን ነው፤ ስሙን ድምቀቱ ብለው ቢያወጡለት እንኳ።

ድምቀቱ ራሱም መጥቶ ነበር፣ መስኮት ላይ ከተቀመጡት አንዱ ነው። ሲወጣ ጠበቀኝና «ደንበኛውን ልሁንልሽ? ልወጋ ዝግጁ ነኝ» አለኝ። «ውሸቶቹን ራስህ ይዘህ ና» አልኩት። «እሱማ ሞልቶኛል» አለ። ቅዳሜ ልምምድ እንጀምራለን።

ሌላም ወሬ አለኝ፣ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት። «ቅድሚያ ስጥ» ከሚለው ምልክት ሥር የተቀመጡት ሴትዮ ፊልም ሠሪ ናቸው። ለአንዲት ነርስ ገጸ ባሕርይ ሰው ይፈልጋሉ፤ የሚያስቅ ነገር የላትም፣ ሌላው ሲያወራ የምታዳምጥ ናት። «ስታዳምጪ ነው ያየሁሽ፤ ተናግረሽማ የጨረስሽው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው» አሉኝ። ለፈተናው ሐሙስ እሄዳለሁ። ትሪ ያስይዙኝ ይሆናል፤ ነርስ ናትና። ግድ የለኝም፣ ይቺ ትሪ ያዥ ስም አላት።

ታኅሣሥ ላይ «መብራቱ ሲጠፋብሽ ምን ልትዪ ነበር?» ብለሽ ጠይቀሽኝ አላውቅም ብዬሽ ነበር። ያን ዕለት፣ አዘጋጁ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ መልሴን ሲጠብቅ፣ አወቅሁት። ልክ እንደነገርኩት ልጻፍልሽ፤ አንቺም ክንድሽ ላይ ያሰርሽውን ትራስ እያየሽ አንብቢው።

«ጋሼ፣ ስፒል የምጎርሰው ስሠራ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ ብዬ ከእንግዲህ አልጎርስም። የፈጠርኳትን ሴት ለሌላ ሰው አልብሳችሁ እኔን መርፌ አቀባይ አታደርጉኝም። ስሜ በማይጠራበት ሳቅ ውስጥ አልቆምም፣ አንድ ሳምንትም ቢሆን፣ ተለዋውጠንም ቢሆን። ደግሞም አፌን ስከፍት መብራት የሚያጠፋ ሰው ያለበትን በር፣ ከነትሪዬም ሆነ ያለትሪዬ፣ ሁለተኛ አልገባበትም።»